ጨው፣ ሩዝና የሥር ጎረቤቶች

«ጨው ሆይ ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይጥሉሃል» የሚለው የአበው ምሳሌ የተነገረው ለሰው ጠባይ ነው። ወደ እርሻ ከወሰድነው ግን ነገሩ ይገለበጣል። በማሳ ውስጥ ያለ ጨው እንደ ድንጋይ ሆኖ ቢቀር ገበሬው በታደለ ነበር፤ ድንጋይ በውኃ አይሟሟም፣ ሥርንም አያስጠማም። ጨው ግን ይሟሟል፤ የእርሻውም መከራ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ዘገባ መሠረት በጨው የተጠቃው የዓለም መሬት ወደ 1.4 ቢሊዮን ሄክታር ይጠጋል፤ ይህም ከየብሱ ስፋት ከአሥር እጅ አንዱን እጅ ያህላል። ከዋና ዋናዎቹ የብርዕና አገዳ ሰብሎች መካከል ደግሞ ጨውን በመቋቋም ረገድ እጅግ ደካማ ከሚባሉት አንዱ ሩዝ ነው። የዓለም ሕዝብ ግማሽ ያህሉ በየዕለቱ የሚመገበው ሰብል ጨውን የማይችል መሆኑ ቀላል ጉዳይ አይደለም።

ባለፉት ጥቂት አሥርተ ዓመታት ለዚህ ችግር አንድ ያልተጠበቀ ረዳት ተገኝቷል፤ እርሱም በሥር ዙሪያ የሚኖር ባክቴሪያ ነው። ለመሆኑ በዓይን የማይታይ ነፍስ ያለው ነገር የሩዝን ችግኝ ከጨው ሊያድን ይችላልን? የሚችል ከሆነስ በምን ኃይል? ወሰኑስ የት ድረስ ነው? በዚህ ጽሑፍ እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች በቅደም ተከተል እንመለከታለን። የፊዚክስ መምህራን በሩዝና በባክቴሪያ ጉዳይ ምን አገባቸው የሚል አንባቢ ቢኖር መልሳችን አጭር ነው፤ ጨው ተክልን የሚጎዳበት የመጀመሪያው መንገድ ከግፊት የመነጨ ነውና ነገሩ ከደጃችን ይጀምራል።

በውኃ መካከል መጠማት

አንባቢው በቤቱ ሊያደርገው በሚችለው ሙከራ እንጀምር። ከአንድ ድንች ሁለት ስስ ቁራጮች ይውጡ። አንዱ በንጹሕ ውኃ፣ ሌላው ሁለት የሻይ ማንኪያ ጨው በተሟሟበት ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ይቀመጥ። ከአንድና ከሁለት ሰዓት በኋላ በንጹሕ ውኃ የቆየው ቁራጭ ጠንክሮ ይገኛል፤ ሲያጥፉት ይሰበራል። በጨው ውኃ የቆየው ግን ውኃውን አጥቶ እንደ ጨርቅ ይተጣጠፋል። ሰላጣ ላይ ጨው ነስንሰን ጥቂት ብናቆየው ቅጠሉ የሚጠወልገውና ከሥሩ ውኃ የሚጠራቀመው በዚሁ ምክንያት ነው።

ይህ ክስተት ኦስሞሲስ ይባላል። የሕዋስ ስስ ሽፋን ውኃን ያሳልፋል፤ የተሟሟውን ጨው ግን በቀላሉ አያሳልፍም። እንዲህ ያለ ሽፋን ሁለት ፈሳሾችን ሲለያይ ውኃው ጨው ካነሰበት ወገን ጨው ወደበዛበት ወገን ይሄዳል። ይህን እንቅስቃሴ ለመግታት የሚያስፈልገው ግፊት የኦስሞሲስ ግፊት ነው። የሆላንዱ ተወላጅ ያኮቡስ ፋንት ሆፍ በውኃ ውስጥ የተሟሟ ቅንጣት በጠርሙስ ውስጥ እንደታመቀ ጋዝ ሕግ እንደሚገዛ በማሳየቱና በሌሎች ሥራዎቹ እ.ኤ.አ. በ1901 የመጀመሪያው የኬሚስትሪ የኖቤል ተሸላሚ ሆኗል። የሕጉ ፍሬ ነገር ግፊቱ የቅንጣቶቹ ብዛትና የሙቀቱ መጠን ብዜት ነው የሚል ነው።

እስቲ እናስላው። በአንድ ሊትር ውኃ ውስጥ 2.3 ግራም ያህል የገበታ ጨው ይሟሟ፤ ይህ ከግማሽ የሻይ ማንኪያ ያነሰ ነው። ጨው ሲሟሟ ሶዲየምና ክሎራይድ ወደተባሉ ሁለት አዮኖች ስለሚከፈል የቅንጣቱ ቁጥር እጥፍ ይሆናል። በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስሌቱ ወደ 2 አትሞስፌር የሚጠጋ ግፊት ይሰጠናል። ይህም 20 ሜትር ከፍታ ያለው የውኃ ዓምድ ከሚያሳርፈው ግፊት ጋር የሚተካከል ነው፤ ሰባት ፎቅ ያህል ማለት ነው። እንግዲህ በዚህ አፈር ላይ የቆመ የሩዝ ችግኝ ከሌላው ጊዜ በተለየ ይህን ያህል ተጨማሪ ጉተታ ካላደረገ ውኃው ወደ ሥሩ አይገባለትም። ማሳው በውኃ ተጥለቅልቆ እያየነው ችግኙ ይጠማል። ፀሐይ ውኃውን እያተነነች ስትሄድ ደግሞ ጨው አይተንምና የቀረው ውኃ ይበልጥ እየጨው፣ ጉተታውም እየከበደ ይሄዳል።

የአፈርን ጨዋማነት የምንለካውም በፊዚክስ መሣሪያ ነው። አዮኖች ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፉ በውኃ ከጠገበ አፈር የተጨመቀው ፈሳሽ ምን ያህል ኤሌክትሪክ እንደሚያስተላልፍ ይለካል፤ መለኪያውም ዴሲሲመንስ በሜትር ይባላል። በተለመደው አከፋፈል ንባቡ ከ4 በላይ የሆነ አፈር ጨዋማ ይባላል። ከላይ ያሰላነው 2.3 ግራም ጨው ያለበት ውኃም ወደዚሁ 4 ይጠጋል። ማስና ሆፍማን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1977 ባወጡትና እስከ ዛሬ በሚጠቀስ ሠንጠረዥ መሠረት ሩዝ የሚታገሠው እስከ 3 ድረስ ነው። ከዚያ በላይ በእያንዳንዱ አንድ ዴሲሲመንስ ምርቱ በ12 በመቶ ይቀንሳል። በዚህ ስሌት ንባቡ 7 ሲደርስ ምርቱ በግማሽ ያህል ጠፍቷል ማለት ነው። በአንጻሩ ጥጥ እስከ 7.7፣ ገብስ እስከ 8 ድረስ ይታገሣሉ፤ ከዚያ በላይም የሚቀንሱት በየአንዱ 5 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ገብስ ገና ምንም ሳይሰማው ሩዝ ግማሽ ሀብቱን ያጣል።

የሩዝ ድካም በዕድሜው ሁሉ እኩል አይደለም። ሲበቅል ይችላል፤ ለጋ ችግኝ ሳለና ሲያብብ ግን እጅግ ይጎዳል። ይህን ነጥብ አንባቢው በልቡ እንዲይዝልን እንጠይቃለን፤ ወደ ኋላ ስለ ባክቴሪያው አሰጣጥ ስንናገር ያስፈልገናልና።

የሶዲየም ማታለል

ሁለተኛው ጉዳት ዘግየት ብሎ በቀናትና በሳምንታት ውስጥ የሚመጣ ነው። የሕዋስ ውስጣዊ ሥራ ፖታሲየም የተባለውን አዮን አጥብቆ ይሻል፤ ብዙ ኤንዛይሞች ያለ እርሱ አይሠሩም። ሶዲየም ደግሞ ፖታሲየምን ይመስላል። ሁለቱም አንድ አንድ አዎንታዊ ቻርጅ አላቸው፤ የአካላቸውም ስፋት ብዙ አይራራቅም፤ የፖታሲየም አዮን ራዲየስ 0.138፣ የሶዲየም ደግሞ 0.102 ናኖሜትር ነው። ስለዚህ ሶዲየም በበዛበት አፈር ውስጥ በፖታሲየም በር ሾልኮ ይገባና ወንበሩን ይይዛል፤ ሥራውን ግን አይሠራም። በመንደር ውስጥ የሌላውን መታወቂያ ይዞ እንደሚዞር ሰው ነው።

በሩዝ ላይ ይህ ይብሳል። ከሶዲየሙ ጥቂት የማይባለው በሕዋሶች በር ሳይፈተሽ በሥሩ ግድግዳዎች መካከል ባለው ክፍተት ሾልኮ ወደ ግንዱ ይወጣል። ቅጠሉ ውኃ ባተነነ ቁጥር ሶዲየሙ ከውኃው ጋር ተስቦ ይወጣና ከቅጠሉ ይቀራል፤ በማንቆርቆሪያ ውስጥ ከፈላው ውኃ በኋላ እንደሚቀረው ነጭ ዝቃጭ ማለት ነው። አሮጌዎቹ ቅጠሎች ብዙ ዘመን ሲያተንኑ ስለኖሩ ቀድመው ከጫፋቸው ይደርቃሉ።

ተክሉ በራሱ ላይ የሚደውለው ደወል

እስካሁን የተናገርነው ጨው በተክሉ ላይ ስለሚያደርሰው ጉዳት ነው። ሦስተኛው ግን ተክሉ ራሱ በራሱ ላይ የሚያደርሰው በመሆኑ ለጽሑፋችን ዋናው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1901 ዲሚትሪ ኔልዩቦቭ የተባለ የሴንት ፒተርስበርግ ወጣት ተመራማሪ በቤተ ሙከራ ያበቀላቸው የአተር ችግኞች ቀጥ ብለው ማደግን ትተው ወደ ጎን እየተጋደሙ አስቸገሩት። ምክንያቱን ሲመረምር ቤቱን ከሚያበራው የመብራት ጋዝ ውስጥ ኤቲሊን የተባለው እንደሆነ አገኘ። ኋላም ይህን ጋዝ ዕፅዋት ራሳቸው እንደሚሠሩት ታወቀ። ዛሬ ኤቲሊን ከዕፅዋት ሆርሞኖች አንዱ መሆኑን ሁሉም ይስማማበታል። በተዘጋ ክፍል ውስጥ የተከመረ ሙዝ አንዱ ሌላውን እያበሰለ ቶሎ የሚደርሰው ከእያንዳንዱ ፍሬ በሚወጣው በዚሁ ጋዝ ነው።

ኤቲሊን የመከራ ጊዜ ደወልም ነው። ድርቅ፣ ጎርፍ፣ ቁስል ወይም ጨው ሲመጣ ተክሉ በመጀመሪያ ጥቂት ኤቲሊን ይሠራል፤ ይህም መከላከያውን ያነቃል፤ መልካም ነው። መከራው ከቀጠለ ግን ከፍ ያለ ሁለተኛ ማዕበል ይከተላል። ያን ጊዜ ሥሩ ማደጉን ያቆማል፤ ቅጠሉ ያለ ዕድሜው ያረጃል፤ ይረግፋል። ደወሉ የመንደሩን ሰው ከእሳት ለማዳን ተደውሎ ሲያበቃ ሕዝቡ በድንጋጤ ሲጋፋ እርስ በርሱ እንደሚረጋገጥ ይሆናል። እንግዲህ በጨዋማ ማሳ ላይ የምናየው ጉዳት ሁሉ የጨው ብቻ አይደለም፤ ከፊሉ የድንጋጤው ነው። ይህ ልዩነት ታላቅ ተስፋ ይሰጣል። የጨውን ግፊት ማንም ሊሽረው አይችልም፤ ድንጋጤን ግን ማብረድ ይቻላል።

የሥር ጎረቤቶች

ሎሬንዝ ሂልትነር የተባለ ጀርመናዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1904 በሥር ዙሪያ ያለውን ቀጭን የአፈር ንብርብር ራይዞስፌር ብሎ ሰየመው። ይህ ስፍራ ከሌላው አፈር የሚለየው በነዋሪዎቹ ብዛት ነው። ተክሉ በፀሐይ ብርሃን ከሠራው ምግብ ከፊሉን በሥሩ በኩል ወደ አፈሩ ያፈሳል፤ ረቂቅ ተሕዋስያንም እንደ ድግስ ቤት ይሰበሰቡበታል። ከእነርሱ መካከል ጎጂ፣ ለወሬ የመጣ፣ ጠቃሚም አለ። ጠቃሚዎቹን ለይቶ ማጥናት በተለይ ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ተስፋፋ። ሱዶሞናስ፣ ባሲለስ፣ አዞስፒሪለምና የመሳሰሉት ስሞች በየጥናቱ ይነሣሉ።

ከእነዚህ ጎረቤቶች አንዳንዶቹ የደወሉን ገመድ የሚይዙ ናቸው። ተክሉ ኤቲሊንን የሚሠራው ኤ.ሲ.ሲ. ከሚባል ንጥረ ነገር ነው። አንዳንድ ባክቴሪያዎች ኤ.ሲ.ሲ. ዲአሚኔዝ የሚባል ኤንዛይም አላቸው፤ ይህም ኤ.ሲ.ሲ.ን ሰባብሮ ወደ አሞኒያና ወደ ሌላ ቀላል አሲድ ይለውጠዋል። አሞኒያው ለባክቴሪያው የናይትሮጂን ምግብ ነው። ስለዚህ ባክቴሪያው ለተክሉ አዝኖ ሳይሆን ለሆዱ ሲል ይሠራል፤ ጥቅሙ ግን ለሁለቱም ይሆናል።

እዚህ ላይ ፊዚክሱ እንደገና ብቅ ይላል። ማንኛውም የተሟሟ ነገር ከበዛበት ወደ ጎደለበት ይሰራጫል። ከሥሩ ውጪ ያለው ኤ.ሲ.ሲ. በባክቴሪያው በተበላ ቁጥር ከውስጥ ያለው ወደ ውጪ ይፈስሳል፤ ውስጡም ይጎድላል። የካናዳው የዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ በርናርድ ግሊክና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1998 ይህን አሠራር በንድፈ ሐሳብ መልክ አቀረቡት። በአጭሩ ባክቴሪያው ከሥሩ አጠገብ እንደተከፈተ የማፍሰሻ ቀዳዳ ያገለግላል፤ ደወሉን ጨርሶ አያጠፋም፤ ድምፁን ይቀንሳል። ጨርሶ ቢጠፋማ በጎ አይሆንም ነበር፤ ሩዝ በጎርፍ ውስጥ ሲቆም ሥሩ አየር የሚተላለፍባቸውን ባዶ ቱቦዎች እንዲሠራ የሚያደርገው ኤቲሊን ነውና።

ሁለት ምስክሮች

ሐሳብ ያማረ ቢሆንም በሙከራ ካልተፈተነ ሐሳብ ሆኖ ይቀራል። የመጀመሪያው ምስክር ከእስራኤል ደቡብ፣ ከዓራባ በረሃ የተገኘ ነው። ተመራማሪዎች በዚያ ደረቅና ጨዋማ ስፍራ ከሚበቅል ቁጥቋጦ ሥር ዙሪያ አክሮሞባክተር የተባለ ወገን የሆነ ባክቴሪያ ለዩ። ግሊክ የተሳተፈበትና እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመው ጥናት እንደሚያሳየው በሊትር እስከ 10 ግራም በሚደርስ ጨው ያደጉ የቲማቲም ችግኞች ይህን ባክቴሪያ ሲያገኙ ክብደታቸው ከሌሎቹ በግልጽ በልጦ ተገኝቷል፤ የሚያወጡት ኤቲሊንም ቀንሷል። ከሁሉ የሚደንቀው ግን በችግኞቹ አካል ውስጥ ያለው ሶዲየም አለመቀነሱ ነው። ጨው ያው ነው፤ ችግኙ ግን ተሻለው። ይህ ውጤት የጉዳቱ ከፊል ከድንጋጤው እንደሚመጣ ለሚለው ሐሳብ ጠንካራ ድጋፍ ነው።

ሁለተኛው ምስክር ከሩዝ አገር ከታይላንድ የመጣ ነው። በሰሜን ምሥራቅ ታይላንድ ያለው የኮራት አምባ ከሥሩ የድንጋይ ጨው ንብርብር ተኝቶበታል። ደኑ ለእርሻ ሲመነጠር ውኃ ይመጥጡ የነበሩት ዛፎች ጠፉ፤ የከርሰ ምድር ውኃው ከፍ አለ፤ ጨውንም ይዞ ወደ ማሳው ወጣ። ይህ አካባቢ ደግሞ ዓለም የሚያውቀው መዓዛማው የጃስሚን ሩዝ የሚዘራበት ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ የአገሪቱ ተመራማሪዎች ጥናት በተክል አካል ውስጥ የሚኖር ስትሬፕቶማይሲስ የተባለ ባክቴሪያን በዚሁ ሩዝ ላይ ሞከረ። ተመራማሪዎቹ ባክቴሪያውን እንዳለ ከመስጠት ሌላ የኤ.ሲ.ሲ. ዲአሚኔዝ ጂኑ ብቻ እንዳይሠራ የተደረገበትን መንትያውንም አዘጋጁ። ጂኑ ያለውን ያገኘው ሩዝ በጨው ውስጥ ኤቲሊኑ ቀንሶ የተሻለ አደገ፤ ጂኑ የጎደለውን ያገኘው ግን ያን ያህል አልተጠቀመም። አንድን ነገር ብቻ ለውጦ ሌላውን ሁሉ እንዳለ መተው የሙከራ ሁሉ መሠረት ነው፤ በእኛም ቤተ ሙከራ ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ከምናስተምረው የተለየ አይደለም።

ባክቴሪያዎች በሌላም መንገድ ይረዳሉ። አንዳንዶቹ ኦክሲን የተባለውን ሆርሞን እየሠሩ ሥሩን ያበዙታል፤ የበዛ ሥር ብዙ ውኃ ይፈልጋል፣ ያገኛልም። ሌሎች እንደ ተልባ ልጋግ ያለ የሚያዝለገልግ ነገር ያመነጫሉ፤ ይህም አሉታዊ ቻርጅ ስላለው በሥሩ ዙሪያ ካለው ሶዲየም ከፊሉን ይዞ ያስቀራል፤ የአፈሩንም ቅንጣቶች ያያይዛል። በአፈር ውስጥ ታስሮ የቀረውን ፎስፈረስ የሚፈቱ፣ ከአየር ናይትሮጂን የሚወስዱም አሉ።

ከማሰሮ ወደ ማሳ

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከላይ የጠቀስናቸው ሙከራዎች የተደረጉት ሁሉ በተመጠነ ሁኔታ፣ ጥቂት ችግኞችን ይዞ ነው። በማሳ ላይ ውጤቱ አንድ ዓመት ሲያስደስት በሌላው ዓመት የሚጠፋበት ጊዜ አለ። ምክንያቱን ለመረዳት እንጀራ የሚጋገርበትን ቤት እናስብ። ትናንት ከተቀመጠው እርሾ ጥቂት ጠብ ብናደርግበት ሊጡ ሁሉ ይቦካል፤ በአዲሱ ዱቄት ውስጥ ከእርሾው ጋር የሚወዳደር ብዙ ነዋሪ የለምና። አፈር ግን ባዶ ሊጥ አይደለም።

በቁጥር እንየው። በአንድ ግራም አፈር ውስጥ 100 ሚሊዮን ባክቴሪያ አለ እንበል፤ በለም አፈር ከዚህ አሥር እጥፍ ሊደርስ ይችላል። የአንድ ሄክታር የላይኛው 15 ሳንቲሜትር አፈር ክብደት 2,000 ቶን ያህል ነው። በእያንዳንዱ ሚሊሊትር አንድ ቢሊዮን ባክቴሪያ የያዘ አንድ ሊትር ፈሳሽ በዚህ ሄክታር ላይ ብንረጭ ለእያንዳንዱ እንግዳ 200,000 ነባር ነዋሪ ይደርሰዋል። እንግዳው በዚያ ሁሉ መካከል ሥሩን ፈልጎ ያገኛል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው። ስለዚህ ባክቴሪያው የሚሰጠው በማሳው ላይ በመበተን ሳይሆን ዘሩን በመለወስ ወይም ችግኙ ከመደቡ ተነቅሎ ወደ ማሳው ሲዛወር ሥሩን በፈሳሹ ውስጥ በመንከር ነው። ሩዝ በብዙ አገር በችግኝ የሚተከል መሆኑ እዚህ ላይ ይጠቅማል፤ ችግኝነት ጨው እጅግ የሚበረታበት ወቅት ነው ብለን ነበርና ረዳቱ በትክክለኛው ሰዓት፣ በትክክለኛው ስፍራ ይደርሳል።

ባክቴሪያውም ራሱ ከፋንት ሆፍ ሕግ ነጻ አይደለም። ጨው ተክሉን እንደሚያስጠማ እርሱንም ያስጠማል። በጣፋጭ አፈር ላይ ያደገ ባክቴሪያ በጨዋማ ማሳ ሲጣል ተክሉን ሊረዳ ቀርቶ ራሱን አያድንም። ተመራማሪዎች ወደ በረሃና ወደ ጨዋማ ረግረግ ሄደው በዚያ የሚበቅሉ ዕፅዋትን ሥር የሚመረምሩት ስለዚህ ነው። ደኅንነትም መታሰብ አለበት፤ ቡርክሆልደሪያን በመሳሰሉ ወገኖች ውስጥ ለተክል የሚጠቅሙ እንዳሉ ሁሉ ሕመምተኛ ሰውን የሚጎዱ ዘመዶችም አሉ። ስለዚህ ማንነቱ በሚገባ ያልታወቀ ባክቴሪያ ለገበሬ እጅ ሊሰጥ አይገባም።

ባክቴሪያ የማይሠራው ሥራ

ከሁሉ በላይ መታወቅ ያለበት ባክቴሪያ ጨውን የማይበላ መሆኑ ነው። ሶዲየም አይቃጠልም፣ አይበሰብስም፣ ወደ ሌላ ነገርም አይለወጥም፤ ከስፍራ ወደ ስፍራ ይሄዳል እንጂ አይጠፋም። በሊትር ግማሽ ግራም ጨው ብቻ ያለበት፣ ሲቀምሱት ንጹሕ የሚመስል የመስኖ ውኃ እንውሰድ። በአንድ የምርት ወቅት አንድ ሜትር ጥልቀት ያለው ውኃ ማሳውን ቢያጠጣ በሄክታር 10,000 ሜትር ኩብ ይሆናል፤ ከዚህም ጋር 5 ቶን ጨው ይገባል። በሄክታሩ ያሉት ባክቴሪያዎች ሁሉ ከላይ ባነሣነው ግምት 200 ኪሎ ግራም ያህል ቢመዝኑ ነው፤ ግምቱን አሥር ጊዜ ብናሳድገው እንኳ 2 ቶን ነው። ሁሉም ወደ ጨው ማከማቻነት ቢለወጡ የአንድ ወቅቱን ጨው አይችሉትም። ጨውን ከማሳ የሚያወጣው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም አጥቦ የሚያወርደው ውኃና ያን ውኃ ይዞ የሚሄድ የማጠንፈፊያ ቦይ። ሶዲየም በአፈሩ ቅንጣት ላይ ተጣብቆ አፈሩን በዘጋበት ስፍራ ደግሞ አስቀድሞ ጂፕሰም መጨመር ያስፈልጋል።

ይህ ነገር ለእኛ ሩቅ አይደለም። በአገራችን ሩዝ ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በፎገራ ሜዳ እየተስፋፋ መጥቶ የሚሌኒየሙ ሰብል እስከመባል ደርሷል። የፎገራ ችግር ጨው አይደለም። ጨው ያለው በሌላው ወገን፣ የመስኖ ውኃና ሜዳ ባለበት በስምጥ ሸለቆ ነው። በአገሪቱ በጨው የተጠቃው መሬት ወደ 11 ሚሊዮን ሄክታር እንደሚደርስ በተደጋጋሚ ይጠቀሳል። በመካከለኛው አዋሽ በአሚባራ አካባቢ የጥጥ እርሻዎች በመስኖ ሲለሙ ትርፉ ውኃ የሚሄድበት በቂ መንገድ አልነበረም፤ የከርሰ ምድር ውኃው ከፍ አለ፤ ጨውም ተከትሎ ወጣ። በኮራት አምባ የዛፎች መጥፋት ያደረገውን በአዋሽ ትርፍ መስኖ አደረገው። ጥጥ ከሩዝ ሁለት እጥፍ በላይ ጨው የሚታገሥ ሰብል መሆኑን አይተናል፤ እርሱ እንኳ ያልቻለው ማሳ ተትቶ ቁጥቋጦ ወርሶታል። በዚያ ማሳ ላይ ባክቴሪያ ብቻ ይዞ መሄድ በሚያፈስስ ጣራ ሥር ወለል እንደ መወልወል ነው።

ነገር ግን ቦዩ ተቆፍሮ ጨው መታጠብ ሲጀምር መሬቱ በአንድ ዓመት አይነጻም። ንባቡ ከ10 ወደ 3 እስኪወርድ ድረስ ያሉት ዓመታት ገበሬው የሚራብባቸው ዓመታት ናቸው። የባክቴሪያው ቦታ እዚህ ነው። ጨው በ4 እና በ6 መካከል ባለበት፣ ሩዙ ቢደገፍ ሊቆም፣ ካልተደገፈ ሊወድቅ በሚችልበት ጠባብ ድንበር ላይ የድንጋጤውን ጉዳት መቀነስ ከምርቱ ጥቂቱን ሊያተርፍ ይችላል። ጨውን የሚችል የሩዝ ዝርያ፣ የማጠንፈፊያ ቦይና ተስማሚ ባክቴሪያ ሦስቱ ተባብረው እንጂ አንዱ ሌላውን ተክቶ አይሠራም።

እንግዲህ ማንም «ጨዋማ መሬትን የሚያድን ባክቴሪያ» ብሎ ጠርሙስ ወይም ከረጢት ይዞ ቢመጣ ሦስት ጥያቄዎችን ልንጠይቀው ይገባል። በአንድ ግራም ውስጥ ስንት ሕያው ባክቴሪያ አለ፣ እስከ መቼስ በሕይወት ይቆያል? ምን ያህል ጨው ባለበት ማሳ ላይ፣ ስንት ወቅት ተፈትኗል? ሲፈተንስ ምንም ካልተሰጠው ማሳ ጋር ብቻ ነው ወይስ በሙቀት የተገደለው ያው ባክቴሪያ ከተሰጠውም ማሳ ጋር ተነጻጽሯል? የመጨረሻው ጥያቄ ዋነኛው ነው፤ ፈሳሹ ራሱ ማዳበሪያ ሊሆን ስለሚችል ሕያው ባክቴሪያው የሠራውን ለመለየት ሌላ መንገድ የለም።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የማሳው ጨው ይለካ። መሣሪያው በኪስ የሚያዝ ነው። አንድ እጅ ደረቅ አፈር ከአምስት እጅ የተጣራ ውኃ ጋር ተበጥብጦ እስኪጠል ይጠበቃል፤ ከዚያ መለኪያው ይነከራል። የዚህ ንባብ ቁጥር ውኃ ስለበዛበት ከላይ ከጠቀስነው 4 ጋር በቀጥታ አይወዳደርም፤ እንደ አፈሩ ዓይነት መባዛት አለበት። ይሁን እንጂ የማሳውን አንድ ጥግ ከሌላው፣ የዘንድሮውን ከአምናው ለማነጻጸር ይበቃል። ተማሪዎቻችን ለክረምት ወደየቤታቸው ሲሄዱ ከየመስኖው ማሳ አንድ አንድ ብርጭቆ አፈር ይዘው ቢመለሱ ከእኛ ቤተ ሙከራ ብቻ የአገሪቱን የጨው ካርታ አንድ ጥግ ለመሙላት እንጀምራለን።